ለዋሽንግተን ናሽናልስ ግልጽ ደብዳቤ፦ ዘሩን ሸምታችኋል፣ አራሚው ማነው?

ለ፦ አቶ ፖል ቶቦኒ፣ የዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ጉዳዮች ፕሬዚዳንት
ግልባጭ፦ ለቡድኑ ባለቤት ለለርነር ቤተሰብ፤ ቡድኑን በአማርኛ ለሚከታተሉ ደጋፊዎች በሙሉ
ጉዳዩ፦ የዘንድሮውን የዝውውር ወራት ይመለከታል
ጃንዋሪ 2026

ክቡር አቶ ቶቦኒ፣

ከሁሉ አስቀድመን ሰላምታችን ይድረስዎ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍነው እንግሊዝኛ ቸግሮን አይደለም። የምትጫወቱበት ስታዲየም ናሽናልስ ፓርክ የከተማው ንብረት ነው። በ2008 ሲከፈት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል፤ ዕዳውም ገቢያቸው ከፍ ካለ ነጋዴዎች፣ ከድርጅቶች የመብራትና የጋዝ ክፍያ፣ ስታዲየሙ ውስጥ ከሚሸጠው ትኬትና ምግብ በሚሰበሰብ ቀረጥ እንዲከፈል ነበር የተወሰነው። ያው ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ለነዋሪው በአማርኛም ይጽፋል። እንግዲህ የከተማውን ሕንፃ ለተከራየ ቡድን በአማርኛ መጻፍ ነውር የለበትም። ተርጓሚ ቢያስፈልግዎ ከበሩ ብዙ መራቅ የለብዎትም፤ የመኪና ማቆሚያውን ተቆጣጣሪ ወይም ሃፍ ስትሪት አጠገብ የቆመውን ባለታክሲ መጠየቅ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቡድኑ በ2019 ዋንጫ ያነሣው 19 አሸንፎ 31 ከተሸነፈበት ጉድጓድ ወጥቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ያሸነፈው ከተሸነፈው የበለጠበት አንድም ዓመት የለም። በ2022 107 ጊዜ ተሸነፈ። በ2023 71 አሸንፎ 91 ተሸነፈ፤ በ2024ም ቁጥሩ ሳይዛነፍ ያው ሆነ። ተሻለው ስንል አምና ወደ 66 ድልና 96 ሽንፈት ወረደ። ጁላይ 6 ቀን 2025 ዋንጫውን ያመጡት ዋና ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። እርስዎ በ35 ዓመትዎ ከቦስተን መጡ። በአሠልጣኝነት የቀጠሩት ብሌክ ቡቴራ 33 ዓመቱ ነው፤ ከ1972 ወዲህ በሊጉ እንደሱ በወጣትነቱ የተሾመ የለም። ዕድሜ ላይ ክርክር የለንም። ቡቴራ ታምፓ ቤይ ውስጥ ይመራ የነበረው የተጫዋች ማሳደጊያ ክፍሉን መሆኑ ግን ልብ ያስብላል፤ የደብዳቤያችን ጉዳይም እዚያው ላይ ነው።

ወደ ዝውውሮቹ እንግባ። በዲሴምበር ግራኝ ፒቸሩን (ኳስ ወርዋሪውን) ሆሴ ፌረርን ለሲያትል ሰጥታችሁ ካቸሩን (የተወረወረውን ኳስ ከመቺው ጀርባ የሚቀበለውን) ሃሪ ፎርድንና አንድ ወጣት ፒቸር ወሰዳችሁ። ጃፓን ለዮሚዩሪ ጃይንትስ ሲወረውር የቆየውን ፎስተር ግሪፊንን ለአንድ ዓመት በ5.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረማችሁ። በጃንዋሪ ደግሞ ትልቁን ነገር አደረጋችሁ፤ ለአምናው ኦል ስታር (የሊጉ ኮከቦች ጨዋታ) የተመረጠውን ፒቸር ማኬንዚ ጎርን ለቴክሳስ ሰጥታችሁ አምስት ወጣቶች ተቀበላችሁ፦ ጋቪን ፊን፣ አሌሃንድሮ ሮሳሪዮ፣ ዴቪን ፊትዝጀራልድ፣ ዬረሚ ካብሬራ እና አቢሜሌክ ኦርቲዝ።

በእግር ኳስ ዝውውር ለለመደ አንባቢያችን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ቤዝቦል ውስጥ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ በገንዘብ አይሸጥም፤ ሰው በሰው ነው የሚለወጠው፣ ውሉም አብሮት ይሄዳል። አንድ ልጅ ዋናው ሊግ ከገባ በኋላ የስድስት ዓመት አገልግሎት እስኪሞላው ከቡድኑ እጅ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያህል የሚከፈለው ወደ ዝቅተኛው ደመወዝ ይጠጋል፤ በ2026 ይህ 780,000 ዶላር ነው። ቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት ደመወዙ በግልግል ከፍ እያለ ይሄዳል። ከስድስት ዓመት በኋላ ነፃ ወጥቶ ከፈለገው ጋር ይፈራረማል። ዓመት የሚባለው 172 ቀን ነው። ጎር የቀረው ሁለት ዓመት ነበር፤ አምስቱ ልጆች ግን አብዛኞቹ ገና አንዱንም ቀን አልጀመሩም። የሂሳቡ ሥር ይህ ነው፤ ልጅ የሚወደደው ስለሚረክስ ነው።

በዚህ ሂሳብ የጎር ዝውውር አያስወቅሳችሁም። ቅሬታችን ጊዜው ላይ ብቻ ነው። ጎር አምና በውድድሩ መጀመሪያ ግማሽ ኮከብ ነበር፤ ከኦል ስታር በኋላ ተንገዳገደ። ጁላይ ላይ ለዋንጫ የሚሮጥ ቡድን ቢወስደው ኖሮ ሁለት ዓመት ተኩል ከሦስት የዋንጫ ዘመቻ ጋር ነበር የሚገዛው። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ የነበረው ጊዜያዊ ኃላፊ ስለሆነ ጥፋቱን በእርስዎ ላይ አንጭንም። ከአምስቱ ፊን በ2025 ምርጫ (ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ በሚወስዱበት) 12ኛ ሆኖ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ነው፤ ሮሳሪዮ ደግሞ በክርን ጉዳት 2025ን ሙሉ አልወረወረም። ሁለቱም ጥሩ ዘር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጎተራ የሚገባ እህል ለመሆን ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል።

አሁን ዋናውን እንናገር። በገበሬ ቤት ዘር መሸመት አንድ ሥራ ነው፤ ማረም ሌላ ሥራ ነው። አማርኛችን አረም መንቀሉንም ስሕተት ማቃናቱንም በአንድ ቃል “ማረም” ይለዋል። የዚህ ቡድን በሽታ የዘር እጥረት ሆኖ አያውቅም። ኦገስት 2 ቀን 2022 ኮከብ መቺውን ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ሲሰጥ ከተማው አልቅሷል፤ ሶቶ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ኋላም ከኒው ዮርክ ሜትስ 765 ሚሊዮን አገኘ። ግን በልዋጩ የመጡትን ወጣቶች እዩ፦ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሰል፣ ሃርሊን ሱሳና። ከአምስቱ ሦስቱ ኦል ስታር ሆነዋል። እንዲህ ያለ ልውውጥ በቤዝቦል ታሪክ ብዙ የለም። ሆኖም ቡድኑ ሦስት ኦል ስታር ተቀብሎ 96 ጊዜ ተሸነፈ። ጉድለቱ ገበያው ላይ አልነበረም፤ ከገበያ መልስ ማሳው ላይ ነበር።

ማስረጃ ቢሉን ኤሪክ ፌዲን እንጠራለን። በ2014 በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ፒቸር ነው። ከ2017 እስከ 2022 ለዋሽንግተን ወረወረ፤ በመጨረሻው ዓመት በየዘጠኝ ኢኒንጉ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር ነው) በአማካይ 5.81 ነጥብ ያስቆጥሩበት ነበር። ቡድኑ ውል ሳያቀርብለት ለቀቀው። ፌዲ ስዊፐር የሚባለውን፣ መቺው ፊት ደርሶ ወደ ጎን የሚጠራርገውን ኳስ ጨመረና ደቡብ ኮሪያ ሄደ። በ2023 ለኤንሲ ዳይኖስ 20 አሸንፎ 6 ብቻ ተሸነፈ፤ አማካዩ 2.00 ሆነ፤ 209 ሰው በስትራይክአውት (ኳሱን ሳይመቱት) አስወጣ፤ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በሁለት ዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር መልሶ አመጣው፤ 2024ን ጥሩ አድርጎ ወረወረ። ያው ክንድ፣ ያው ሰው ነው። ዋሽንግተን ስድስት ዓመት ይዞት “ይህን ኳስ ተው፣ ይህን ጨምር” ያለው አልተገኘም። (አምና ፌዲ እንደገና ወርዷል። ይህም ትምህርት አለው፤ እርማት አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፣ በየዓመቱ ይደገማል።)

ሁለተኛው ምስክር ፒቸሩ ካይል ፊኔጋን ነው። በ2024 38 ጨዋታ ዘግቶ (መጨረሻ ላይ ገብቶ ድሉን አስጠብቆ) በኖቬምበር ያለ ውል ተለቀቀ፤ በፌብሩዋሪ በ6 ሚሊዮን ተመለሰ፤ ጁላይ 2025 ላይ ለዲትሮይት ተሰጠ። ዲትሮይት ምን አደረገ? ስፕሊተሩን፣ ማለትም መቺው ፊት ሲደርስ ወደታች የሚሰምጠውን ኳስ፣ አብዝቶ እንዲወረውር ነገረው። ለሳምንታት ነጥብ የሚያስቆጥርበት ጠፋ። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ስፕሊተሩ ዋሽንግተንም እያለ እጁ ላይ ነበረ።

የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹንም በተራ እንይ። 2016 ካርተር ኪቡም፣ 2017 ሴት ሮሜሮ፣ 2018 ሜሰን ዴናበርግ፣ 2019 ጃክሰን ሩትሌጅ፣ 2020 ኬድ ካቫሊ፣ 2021 ብሬዲ ሃውስ፣ 2022 ኢላይጃ ግሪን፣ 2023 ዲለን ክሩስ። ግሪን አምስተኛ ሆኖ ተመርጦ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል፤ ታችኛው ሊግ ላይ ኳስ መንካት ተስኖታል። ክሩስ ሁለተኛ ነበር፤ 9 ሚሊዮን ወሰደ፤ ዱላው እስካሁን እንደ ስሙ አልሆነም። ከስምንት ምርጫ እስከ ዛሬ የቡድኑ ምሰሶ የሆነ አንድም የለም። ዕድል አንድ ሁለቴ ይጠምማል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጠምም ግን የአሠራር ጉዳይ ነው። ባለፈው ጁላይ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ኢላይ ዊሊትስ ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ 8.2 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቶታል። እሱም ወደዚያው ማሳ ነው የገባው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቡድኑ በውርወራና በምት መለኪያ ካሜራ ከሌሎች ወደኋላ መቅረቱ ሲነገር ኖሯል፤ እርስዎ መሣሪያውን እንደሚገዙ አንጠራጠርም። ሥራው የሚበላሸው መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ነው። ልጁ በታችኛው ሊግ ቡድናችሁ በፍሬደሪክስበርግ ሳለ አንዱ አሠልጣኝ “ክንድህን ዝቅ አድርግ” ይለዋል፤ ሰኔ ላይ ወደ ዊልሚንግተን ሲያድግ ሌላው “ከፍ አድርግ” ይለዋል፤ ሃሪስበርግ ሲደርስ የቱ ልክ እንደነበር ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፒቸር አንድ ገጽ ይጻፍለት። የትኛው ኳስ ይቀነሳል፣ የትኛው ይጨመራል፣ በሳምንት ስንት ውርወራ፣ ለውጡ የሚለካው በምንድን ነው (በፍጥነት፣ በሽክርክሪት፣ ኳሱ ከእጅ በሚለቀቅበት ከፍታ)፣ በስንት ሳምንት ይመዘናል። ገጹ ከልጁ ጋር ከፍሬደሪክስበርግ ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ በታች እስካለው እስከ ሮቼስተር ይሂድ። አሠልጣኝ ቢቀየር ገጹ አይቀየር፤ መቀየር ካለበት ምክንያቱ ተጽፎ ይፈረምበት።

አንድ አደጋ ደግሞ አለ። ፍጥነት በአንድ የዕረፍት ወቅት ሁለት ሦስት ማይል ሲጨምር ሁሉም ያጨበጭባል፤ ዋጋውን የሚከፍለው የክርን ጅማት ነው። ከፒቸሮቻችሁ ጆሳያ ግሬይ በ2024፣ ዲጄ ኸርዝ በ2025፣ ትራቪስ ሳይኮራ በ2025 ሁሉም ቶሚ ጆን የሚባለው የክርን ጅማት መተኪያ ቀዶ ሕክምና ገብተዋል። ካቫሊ ማርች 2023 ላይ ተቀዶ ዋናው ሊግ የተመለሰው ኦገስት 2025 ነው። “ከ12 እስከ 18 ወር” የሚባለው የመጽሐፉ ነው፤ በእሱ ላይ 29 ወር ፈጀ። ፍጥነት ለሚጨምር ልጅ የውርወራውን ቁጥር በዚያው ልክ መቀነስ ግዴታ ይሁን።

የወርዋሪ ሂሳቡንም እናስላ። 162 ጨዋታ በዘጠኝ ሲባዛ ወደ 1,450 ኢኒንግ ይመጣል። ጀማሪ ፒቸር (ጨዋታውን የሚከፍተው) በአማካይ አምስት ኢኒንግ ቢሄድ ከዚህ 800 ያህሉ የጀማሪዎቹ ነው። አምስት ሰው እያንዳንዱ 160 ቢወረውር በወረቀት ላይ ይሞላል። ግን አምስቱም ጤነኛ ሆነው የሚጨርሱበት ዓመት የለም ማለት ይቻላል። አምና 160 ያህሉን የሸፈነው ጎር ነበር፤ እሱን ሰጥታችሁ ያመጣችሁት ግሪፊንን ነው። ግሪፊን ጃፓን የወረወረው በሳምንት አንድ ጊዜ በሚደርስበት አሠራር ነው፤ እዚህ በየአምስተኛው ወይም በየስድስተኛው ቀን ነው። ኳሷም እዚያ ትንሽ ታንሳለች፣ ቆዳዋም የተሻለ ይያዛል። ኤፕሪል ላይ ቢንገዳገድ አትደንግጡ፤ ግን ከጀርባው ስምንት ዘጠኝ ሰው ተሰልፎ መገኘት አለበት። ዛሬ ስንቆጥር አይሞላም። በአንድ ዓመት ውል የሚመጣ፣ 150 ኢኒንግ የሚሸከም፣ ኮከብ ያልሆነ አንጋፋ ፒቸር ያስፈልጋል። አምና ማይክል ሶሮካ በ9 ሚሊዮን ዶላር መጥቶ ጁላይ ላይ ለቺካጎ ካብስ ሲሰጥ ሁለት ወጣት አስገኝቷል፤ ካብስ ደግሞ ብዙም ሳይጠቀምበት ተጎዳ። አንድ ዓመት ውል የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ ካማረ ይለወጣል፣ ካላማረ ያልቃል።

ቡልፔኑን (ጀማሪውን የሚተኩትን ፒቸሮች) በተመለከተ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ አምና እስከ ስድስተኛው ኢኒንግ የተያዘ ብልጫ ከዚያ በኋላ የሚያስጥለው አልነበረም። ፊኔጋን ከሄደ ወዲህ ጨዋታ የሚዘጋው ፌረር ነበር፤ አሁን እሱም የለም። እዚህ ላይ የሕጉን ጥቃቅን መጠቀም ነው። ለጨዋታ ከሚመዘገቡት 26 ተጫዋቾች ፒቸር ከ13 አይበልጥም፤ አምስት ጀማሪ ሲቀነስ ስምንት ቦታ ይቀራል። 26ቱን በሚያጠቃልለው የ40 ሰው ዝርዝር ውስጥ ያለ ተጫዋች በሦስት የተለያዩ ዓመታት ወደ ታችኛው ሊግ ሊወርድ ይችላል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ከአምስት ጊዜ በላይ አይወርድም። የወረደ ፒቸርም የተጎዳ ሰው ካልተካ በስተቀር 15 ቀን ሳይሞላው አይመለስም። ከስምንቱ ቢያንስ ሦስቱ የሚወርዱ ካልሆኑ፣ አንድ ቀን 12 ኢኒንግ የተጫወተ ቡድን ማግስቱን የሚወረውርለት ትኩስ ክንድ ያጣል። በሩል 5፣ ማለትም ሌላ ቡድን በ40ው ዝርዝር ካልያዛቸው ተጫዋቾች በሚመረጥበት ሥርዓት፣ የሚመጣ ፒቸር በ100,000 ዶላር ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ከ26ቱ መውጣት አይችልም፤ ካልተፈለገ በ50,000 ለቀድሞ ቡድኑ እንዲመለስ ይቀርባል። ስለዚህ አንድ ይበቃል። ሁለት ከሆኑ ቡልፔኑ ተቸነከረ ማለት ነው።

የሃሪ ፎርድ ነገር ደስ ብሎናል። ሲያትል የለቀቀው ስለጠላው አይደለም፤ ፊቱ አምና 60 ሆም ረን (ከአጥር ውጪ የሚወጣ ምት) የመታው ካቸር ካል ራሊ ተቀምጧል። በ2021 12ኛ ሆኖ የተመረጠ፣ እግሩ ፈጣን፣ ኳስ የሚመርጥ ልጅ ነው። እዚህ ግን ኬይበርት ሩይዝ አለ፤ በ2023 የስምንት ዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ፣ አምና ደግሞ ጭንቅላቱን ተመትቶ ብዙ ጊዜ ያጣ። ሁለቱን “እናያለን” ብሎ ማቆየት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። የእኛ ሐሳብ፦ ፎርድ በሳምንት አራት ቀን ካቸር ሆኖ ይሰለፍ፣ ሩይዝ ሁለት። ውሉ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ሩይዝን ማስቀደም የጠፋን ገንዘብ በጨዋታ ማሳደድ ነው።

ካቸር ዘንድሮ ከወትሮው ይልቅ የሚያሳስበው በሌላ ምክንያት ነው። ከ2026 ጀምሮ ዋናው ሊግ ላይ የዳኛን የስትራይክ ፍርድ (ኳሱ መቺው ፊት ባለው ምናባዊ ሳጥን ውስጥ አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለውን) በካሜራ መቃወም ይቻላል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዕድል ይዞ ይጀምራል፤ ልክ ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም። መቃወም የሚችለው መቺው፣ ፒቸሩ ወይም ካቸሩ ብቻ ነው፤ ወዲያውኑ ኮፍያውን በእጁ ነካ ያደርጋል፣ ከዳግአውት (ከቡድኑ መቀመጫ) ምክር መቀበል ክልክል ነው። በ2025 የልምምድ ጨዋታዎች ላይ ሲሞከር ካቸሮች ከመቺዎችም ከፒቸሮችም የተሻለ ልክ ነበሩ። ፒቸር ኳሱን ከወረወረ በኋላ ሁሉም ስትራይክ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሕጋችሁ አጭር ይሁን፦ ፒቸር አይቃወም፤ በመጀመሪያው ኢኒንግ በመጀመሪያው ኳስ ማንም አይቃወም፤ ከሳጥን ውጪ ያለፈው ሦስት፣ ስትራይኩ ሁለት ሲሆንና ቤዙ በሯጮች ሲሞላ ካቸሩ አያመንታ።

ጄምስ ዉድ ግን የተለየ ፈቃድ ይሰጠው። የአዲሱ አሠራር ሳጥን የሚለካው በመቺው ቁመት ነው፦ ላይኛው ጠርዝ የቁመቱ 53.5 በመቶ፣ ታችኛው 27 በመቶ። ዉድ 2 ሜትር ከ1 ሳንቲም ያህል ነው። ሲሰላ ሳጥኑ ከመሬት 54 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጀምርና 107 ተኩል ላይ ያበቃል። 1 ሜትር ከ68 ለሆነ ሰው ግን ከ45 ተኩል እስከ 90 ነው። እንግዲህ ዉድ የሚጠብቀው ሳጥን 9 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ግን ደግሞ ታችኛው ጠርዝ ከሌላው ሰው 9 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ዳኛ ከካቸሩ ጀርባ አጎንብሶ ሲያይ ለሌላው መቺ ስትራይክ የሆነውን 48 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለፈ ኳስ ለዉድም ስትራይክ ይለዋል። ረጃጅም መቺዎች ሲበደሉ የኖሩት እዚህ ላይ ነው። አምና ዉድ 31 ሆም ረን መትቶ 221 ጊዜ በስትራይክአውት ወጣ፤ ማርክ ሬይኖልድስ በ2009 ካስመዘገበው ክብረ ወሰን በሁለት ብቻ አንሶ። ጁን 29 ቀን ኤንጀልስ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ እንዳይመታባቸው ሆን ብለው ወደ አንደኛ ቤዝ በነፃ አሳልፈውታል፤ የሚፈራ ሰው ነው። ስለዚህ ልምምድ ላይ እግሩ አጠገብ 54 ሳንቲ ሜትር ላይ ገመድ ተወጥሮ ከዚያ በታች ያለፈውን በዓይኑ እንዲለይ ይደረግ። ከገመዱ በታች የተፈረደበትን ሁሉ ይቃወም። ይህ የአንድ ገመድ ወጪ ነው።

ኤብራምስን በሚመለከት ዝምታችሁ ረዝሟል። ከ2028 በኋላ ነፃ ይወጣል፤ እንደ ጎር ሁለት ዓመት እስኪቀረው መጠበቅ ዋጋውን ማቅለጥ ነው። ዱላውና እግሩ ወርቅ ነው፤ አምና 31 ቤዝ ሰርቋል (ኳስ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ይዟል)። ሾርትስቶፕ ላይ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ባለው የመከላከያ ቦታ) ግን በየመለኪያው ከግርጌ ነው፤ ኳስ ይደርስበታል፣ ሲወረውር እግሩ አይቆምለትም። ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ አሁኑኑ ሁለተኛ ቤዝ ወስዶ ረጅም ውል መስጠት፣ ወይ እስከ ጁላይ መለወጥ። መሃሉ ላይ መንጠልጠል ግን ፒቸሮቹን ይጎዳል፤ ሾርትስቶፕ ያመለጠው እያንዳንዱ ኳስ ለወርዋሪው አምስትና ስድስት ተጨማሪ ውርወራ ነው። አንደኛ ቤዝም ክፍት ነው፤ ናታኒየል ሎው አምና ኦገስት ላይ ተሰናብቷል፣ ጆሽ ቤል ሄዷል። ከቴክሳስ የመጣው ኦርቲዝ እስኪደርስ ድረስ እዚያ አንድ ጓንት የለመደ ሰው አኑሩ።

“ይሸነፉ ግድ የለም፣ የተሸነፈ ቡድን ቀድሞ ስለሚመርጥ በወጣቶች ምርጫ እንካሳለን” የሚሉ ወገኖቻችን አሉ። ያ በር ተዘግቷል። ለትናንሽ ቡድኖች ድጎማ የሚያዋጣ ቡድን በዕጣ የሚደለደሉትን ቀዳሚ ምርጫዎች በተከታታይ ሁለት ዓመት አያገኝም። ዋሽንግተን በ2025 አንደኛውን ስለወሰደ፣ ባለፈው ዲሴምበር 96 ሽንፈት ይዞም ዕጣው ውስጥ አልገባም፤ ከ10ኛ በፊት መምረጥ አይችልም። አምና የተሸነፍነው በነፃ ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ። የቀድሞው ፒቸራችን ማክስ ሸርዘር በ2015 ከፈረመው 210 ሚሊዮን ግማሹ እንዲዘገይ ተስማምቶ ስለነበር እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ከዋሽንግተን ይቀበላል። እሱ በዋንጫ ከፍሏል፤ አይቆጨንም። የፒቸሩ የስቲቨን ስትራስበርግ 245 ሚሊዮን ውል በዚህ ዓመት ያበቃል፤ ከፈረመ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። የዘንድሮው የቅንጦት ግብር ወሰን (የተጫዋቾች ደመወዙ ካለፈው ቡድኑ ግብር የሚከፍልበት) 244 ሚሊዮን ሲሆን ቡድኑ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ማሰን ከተባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር የነበረው ክርክርም በማርች 2025 ስለተዘጋ ያም ሰበብ ሆኖ አይቀርብም። የተጫዋቾችና የባለቤቶች የጋራ ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቶቹ ሥራ አስቁመው በሩን በተጫዋቾች ላይ ሊቆልፉ ይችላሉ። ከዉድ ጋር ረጅም ውል መነጋገር ካለባችሁ ከዚያ በፊት ነው።

ፒቸሮችና ካቸሮች በፌብሩዋሪ አጋማሽ ዌስት ፓልም ቢች ይገባሉ። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር በይፋ እንዲነገረን እንጠይቃለን፦ ካቸር ማን እንደሚቀድም፣ ኤብራምስ የት እንደሚቆም፣ ከፍሬደሪክስበርግ እስከ ሮቼስተር የልጆቹን እርማት በኃላፊነት የሚመራው ሰው ማን እንደሆነና በምን እንደሚመዘን። መልሱ በእንግሊዝኛ ቢሆን ግድ የለም፤ ትርጉሙን እኛ እንችለዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በዋሽንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር የናሽናልስ ደጋፊዎች